ለ14 ሜትር ሐይቅ የ600 ሜትር መሣሪያ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጀልባ፣ ሞተርና ሐይቅ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ከግማሽ በላዩ ስለ ፊሽ ፋይንደር ነው። ምን እንደተፈጠረ እንጃ። አንድ ሰው ከዱባይ በሻንጣ ይዞ መጥቶ የባሕር ዳርን ዓሣ አስጋሪ ሁሉ ሳያዳርስ አልቀረም። ለማያውቁት፣ ፊሽ ፋይንደር ከጀልባ ሥር ድምፅ ወደ ውኃው ይልካል። ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ይሰማና የውኃውን ጥልቀት፣ የወለሉን ዓይነት፣ በመሃል ያለውንም ነገር ስክሪን ላይ ይሥላል። ነገሩ ይኸው ነው። ረዥሙን ደብዳቤ አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ዓሣ እናሰግራለን። ጀልባችን የላሜራ ነው፣ 6 ሜትር ይሆናል። ሞተሩ 15 ፈረስ ጉልበት ነው። ማታ መረብ ጥለን ጠዋት እናነሳለን። ቀረሶው እየራቀን ነው፣ የነዳጁን ነገር ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። አንድ ሻጭ ሦስት ዓይነት ፊሽ ፋይንደር አሳየን። አንዱ ትንሽ ነው፣ 4 ኢንች፣ ጂፒኤስ አለው። ሁለተኛው 7 ኢንች ነው፣ ግራና ቀኝ ያያል። ሦስተኛው ኳስ ነው፤ ውኃው ላይ ይጣልና በስልክ ይታያል። ሻጩ ባለ 7 ኢንቹ 600 ሜትር ድረስ ያያል፣ ዓሣ ሲያይ ደግሞ ይጮሃል ይላል። ወንድሜ ትልቁን ካልገዛን ብሎ ቀን ከሌት ይነተርከኛል። እኔ ደግሞ ያን ያህል ብር ካወጣን መረብ መቀየሪያ አይኖረንም ባይ ነኝ። የቱን ይመክሩናል?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይህን 600 ሜትር እንገላገለው። ጣና ጥልቅ ነው በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። አማካዩ ከ9 ሜትር አይበልጥም። ቀረሶ የምትፈልጉበት ዳር ዳሩማ መቅዘፊያ ወለሉን የሚነካበት ብዙ ቦታ አለው። ለ14 ሜትር ሐይቅ የ600 ሜትር መሣሪያ መግዛት ለባጃጅ የሲኖትራክ ሞተር እንደመግጠም ነው። ሻጩ አልዋሸም። መሣሪያው ያያል። እዚህ የሚታይ 600 ሜትር የለም እንጂ።

አሁን ወደ ወንድምህ ምኞት እንምጣ፤ ዓሣውን ከላይ ሆኖ ማየት። መሣሪያው ድምፁን የሚልከው እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ነው። ከላይ ጠባብ፣ ወደ ታች ሲሄድ ሰፊ። ብዙዎቹ 200 ኪሎ ኸርዝ በሚባለው ድምፅ ሲሠሩ የብርሃኑ ስፋት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሒሳቡን ላውጣልህ። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆንክ ወለሉ ላይ ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ክብ ታያለህ። ደህና ነው። 2 ሜትር ላይ ከሆንክ ግን የምታየው ክብ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የእንጀራ ምጣድ በለው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ላይ በምጣድ ልክ እያየህ ቀረሶ ልትፈልግ ነው።

ሰፋ አድርገው የሚልኩም አሉ። 83 ኪሎ ኸርዝ ላይ እስከ 60 ዲግሪ የሚከፈት አለ። ያኔ በ2 ሜትር ጥልቀት 2 ሜትር ከ30 ገደማ ታያለህ። ይሻላል። ግን ሲሰፋ ይደበዝዛል፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ያሳይሃል።

ዓሣውም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅህም። ቀረሶ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጀልባ በላዩ ሲመጣበት ብትን ይላል። መሣሪያህ እዚያ ሲደርስ እሱ ደንገሉ ሥር ገብቷል። አምባዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መሣሪያው ዓሣን አጥርቶ የሚያየው በሆዱ ውስጥ ባለው የአየር ከረጢት ነው፤ ድምፅ አየር ሲያገኝ በኃይል ይነጥራል። የአምባዛ ከረጢት ትንሽ ነው። ራሱ አምባዛም ጭቃ ላይ ተጋድሞ የሚውል ፍጥረት ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ከወለሉ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ከእነዚህ ከሁለቱ ይልቅ መሃል ውኃ ላይ ጥሩ አድርጎ የሚታይህ ነጭ ዓሣ ነው።

ዓሣ ሲያይ ይጮሃል ስለተባለው ደግሞ የራሴን ጉድ ላውራህ። የመጀመሪያውን መሣሪያ የገጠምኩ ሰሞን፣ በጋ ነበር፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ወደ ጉማራ ወንዝ አፍ ወጣሁ። እንደደረስን ጢጥ አለ። ስክሪኑ ላይ የዓሣ ሥዕል። ጢጥ፣ ጢጥ። ሌላ ሁለት። ልጁ ከደስታው ብዛት ጀልባዋን ሊገለብጣት ነው። ሞተር አጠፋንና መልሕቅ ጣልን። መልሕቅ ስል ገመድ የታሰረበት ድንጋይ ማለቴ ነው። ድንጋዩ ጭቃው ላይ ዱብ ሲል ስክሪኑ በዓሣ ተሞላ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ጩኸቱ አላቋርጥ አለ። ቀና ብዬ ውኃውን ሳይ ከጀልባዋ ጎን እንደ ተጣደ ሽሮ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከጭቃው የሚወጣ ጋዝ ነው ለካ! በዓሣ ሆድ ውስጥ ይሁን በአረፋ ውስጥ፣ አየር አየር ነው፤ መሣሪያው ምን ቸገረው። እልህ ይዞን መረቡን እዚያው ጣልነው። ጠዋት ሁለት ቀረሶና አንድ አምባዛ አነሳን። የእህቴ ልጅ ዛሬ ባለትዳር ነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም «ጢጥ» ብሎኝ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ የትኛውንም ብትገዙ መጀመሪያ ያንን የዓሣ ሥዕል አጥፉት። ፊሽ አይዲ የሚል ቦታ ታገኛላችሁ። ሲጠፋ እውነተኛው ምልክት ይመጣል። እየሄዳችሁ ዓሣ ከሥራችሁ ካለፈ እንደ ቅንድብ የጎበጠ መስመር ይሠራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓሣው ወደ ብርሃኑ ጠርዝ ሲገባ ከእናንተ ይርቃል፣ መሃል ላይ ይቀርባል፣ ሲወጣ እንደገና ይርቃል። ጀልባችሁ ቆሞ ዓሣውም ከቆመ ቅንድቡ ይቀርና ረዥም መስመር ይሆናል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቅንድብ አታገኙም፤ ቁራጭ ነው የሚታያችሁ።

«ታዲያ ጋሼ፣ አትግዙ እያሉን ነው?» ትለኝ ይሆናል። ኧረ ግዙ። ግን ለሌላ ሥራ ግዙት። እኔ ይህን መሣሪያ ጀልባዬ ላይ ያቆየሁት በሁለት ምክንያት ነው፤ ወለሉን ለማወቅና መመለሻዬን ለማግኘት።

ወለል ስል ምን ማለቴ ነው? ጣና ከጥንት የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ድንጋይ መውጫውን ዘግቶበት የተፈጠረ ሐይቅ ነው። በዜጌ በኩልና በደሴቶቹ ዙሪያ ድንጋዩ መረብህን እንዴት እንደሚበላው ለአንተ አልነግርህም። በወንዞቹ አፍ ደግሞ ጭቃ ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ይለያል። ድንጋይ ወይም ጠንካራ ወለል ላይ መስመሩ ወፍራምና ደማቅ ይሆናል። ጭቃ ላይ ይሳሳል፣ ይደበዝዛል። አንድ ዘዴ ልንገርህ። 4 ሜትር ላይ ሆነህ ወለሉ 4 ሜትር ላይ ይታይህና ሌላ ደብዛዛ ወለል ደግሞ 8 ሜትር ላይ ከታየህ እንዳትደነግጥ። ድምፁ ከወለሉ ነጥሮ ወጥቶ፣ ከውኃው ገጽ ተመልሶ፣ እንደገና ወርዶ ነው። ድምፅ እንዲህ ሁለቴ የሚመላለሰው ወለሉ ጠንካራ ሲሆን ነው። ያ ሁለተኛ መስመር ሲመጣ እኔ መረብ አልጥልም።

አባቶቻችን ይህንኑ ያለ ባትሪ ይሠሩት ነበር። እኔም መሣሪያው ሲበላሽብኝ እመለስበታለሁ። ገመድ ላይ በየክንዱ ቋጠሮ ታሥራለህ፣ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ። የድንጋዩን ሥር ሞራ ትቀባዋለህ። ወርዶ ሲመጣ ሞራው ላይ አሸዋ ከተጣበቀ አሸዋ ነው፣ ጭቃ ከያዘ ጭቃ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ ተፍቆ ከመጣ ድንጋይ ነው። ዋጋው የሞራ ዋጋ ነው።

ጂፒኤሱ ግን በገመድ አይተካም። መረብ የጣላችሁበትን ቦታ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ። ጠዋት በጨለማ ስትወጡ ቀስት እያሳየ ይወስዳችኋል። መረብ ፍለጋ መዞር ቀረ ማለት ነው። ስለ ነዳጅ ካነሳህ፣ ነዳጅ የሚቆጥብልህ ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበል ሲሆንም፣ ዝናብ መጥቶ ዳሩ ሲጠፋም፣ በሄድክበት መስመር ይመልስሃል። ያንን መስመር ይዘህ ስትመጣ የምታውቀውን ድንጋይ አትመታም።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው፦ ትንሹን፣ ጂፒኤስ ያለውን ውሰዱ። ጋርሚንም፣ ሎራንስም፣ ሃሚንበርድም እንዲህ ዓይነት ትንንሽ መሣሪያ ሠርተዋል፤ በስም አትጨነቅ። ከጋርሚን ትንንሾቹ ውስጥ ስትራይከር ፕላስ የሚባለውን ካገኛችሁ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው። እየሄዳችሁ ያለፋችሁበትን የጥልቀት ካርታ ራሱ እየሣለ ያስቀምጣል። ከአንድ ክረምት እስከ ክረምት ከሠራችሁበት የራሳችሁ ሠፈር ካርታ ይኖራችኋል።

ለወንድምህ ፍትሕ ልስጠውና፣ ግራና ቀኝ የሚያየው መሣሪያ ሞኝነት አይደለም። እንዲያውም ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚያዋጣው እሱ ነው፤ ጀልባው ያላስደነገጠውን ዓሣ ከጎን ያሳያልና። ግን ጀልባው በቀስታ፣ በቀጥታ፣ ሳይንገላታ መሄድ አለበት። ስክሪኑም ትልቅ ካልሆነ የሚያሳየው ነገር አይነበብም። ቱሪስት ዓሣ ማጥመድ ለሚወስድ ጀልባ እመክረው ነበር። ሁለት ወንድማማች በመረብ ለሚሠሩበት ጀልባ ግን የልዩነቱ ብር መረብ ይግዛበት። ወንድምህን ሰላም በልልኝ፣ እንዳይቀየመኝ።

ስትገዙ ሳጥኑን እዚያው ክፈቱት። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ታሽጎ ተሰጠኝ፣ ደስ ብሎኝ ቤት ወሰድኩት፣ ስከፍተው ስክሪኑና የመብራት ሽቦው ብቻ። ትራንስዱሰሩ የለም። ትራንስዱሰር ማለት ውኃ ውስጥ የሚገባው፣ እኛ ሴንሰር የምንለው ዕቃ ነው። እሱ ከሌለ የያዝከው ስክሪን ጌጥ ነው። ለብቻው ለመግዛት ስዞር ደግሞ የሶኬቱ ቀዳዳ ከስክሪኑ ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ ማሰሪያ ብረቱና ብሎኖቹ መኖራቸውን እዩ። ሰክታችሁ አብሩት። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁም ስክሪኑ ይነበብ እንደሆነ እዩት፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያምራል።

አገጣጠሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፋይበር ግላስ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሴንሰሩን ከውስጥ ወለሉ ላይ በኢፖክሲ ለጥፈው ሲሠራላቸው አይታችሁ ይሆናል። ጥርት ያለ ፋይበር ግላስ ድምፅ ያሳልፋል፣ እውነት ነው። በላሜራ ግን አትሞክሩት። በሳንቃም አይሆንም። የእናንተ ሴንሰር ውጪ፣ ውኃው ውስጥ መሆን አለበት።

ብዙ ጊዜ ከጀልባው ኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ይታሠራል። ከፕሮፔለሩ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ፊቱ ከጀልባው ወለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይይ። ከፊቱ የብየዳ ጉብታ ወይም ብሎን ካለ ውኃው እዚያ ላይ ተመትቶ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከእህቴ ልጅ ታሪክ ታውቃለህ። ቆመህ ጥሩ ያሳየህና ስትነዳ ስክሪኑ ከተረበሸ በሽታው ይኸው ነው።

ለመረብ ሠራተኛ ግን እኔ ሌላ ነገር ነው የምወደው። ቋሚ የታሠረ ሴንሰር መረብ ሲነሳ ይጠላለፋል፣ ጀልባው ዳር ሲጎተት ይሰበራል። የግማሽ ኢንች የውኃ ቧንቧ ውሰዱ። ርዝመቱ ከጀልባው ከንፈር እስከ ወለሉና ትንሽ ዝቅ የሚል ይሁን። ሴንሰሩን ጫፉ ላይ እሠሩ። ላዩን በማጠፊያ ከጀልባው ጎን ጋር አያይዙት፤ ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። ስትሄዱ ታወርዱታላችሁ፣ መረብ ስታነሱ ወደ ላይ ታጥፉታላችሁ። እኔ በአሮጌ ከመንዳሪ ላስቲክ ነው ወጥሬ የማስረው። ድንጋይ ከመታው ላስቲኩ ይለቅና ቧንቧው ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ሴንሰሩ ይተርፋል። ሁለት ጊዜ ተርፎልኛል። የሴንሰሩን ሽቦ ረዘመ ብላችሁ እንዳትቆርጡት። ጠቅልላችሁ እሠሩት።

መብራቱ ቀላል ነው። ትንሽ መሣሪያ ከግማሽ አምፒር ብዙም አይበላም። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ይበቃዋል። በወረቀት ላይ 14 ሰዓት ይሄዳል፤ ግን እንዲህ ያለ ባትሪ እስከ መጨረሻው ከተጠባ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ 7 ሰዓት ብላችሁ አስቡት። አዎንታዊው ሽቦ ላይ መመሪያው የሚለውን ፊውዝ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ 3 አምፒር ነው። ባትሪውን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት።

አንድ ነገር ቀረኝ። መስከረም ላይ ምልክት ያደረጋችሁትን ጥልቀት ግንቦት ላይ አትመኑት። ሐይቁ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወርዳል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ውኃው እንዴት እንደሸሸ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች እንኳ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። መስከረም ላይ በላዩ ያለፍክበት ድንጋይ ግንቦት ላይ ፕሮፔለርህን ይጠብቃል። እኔ ከምልክቱ ስም ጎን ወሩን እጽፋለሁ፤ «ድንጋይ መስከ» እያልኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ዕድሜያቸው 60 አልፏል፣ አሁንም በታንኳ ነው የሚያሰግሩት። ያንን በስልክ የሚታየውን ኳስ ገዝቼ ላስደስታቸው አሰብኩ። ይሆናቸዋል?
(ከቁንዝላ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ መልካም ነው፣ ግን አይሆናቸውም። ኳሱ ውኃው ላይ ይንሳፈፍና ያየውን በዋይፋይ ወደ ስልክ ይልካል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዳር ቆሞ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው። አባትሽ ግን ታንኳ ላይ ሁለቱም እጃቸው ቀርከሃው ላይ ነው። ስልኩን በምናቸው ይይዙታል? ታንኳ ደግሞ ደንገሉ ውኃ ስለሚመጥ ከታች ሁሌም እርጥብ ነው። ስልኩ አንድ ሳምንት አይቆይም። ጥልቀቱንም ቢሆን ያ ቀርከሃ ነግሯቸው ጨርሷል።

በዚያ ብር ላይፍ ጃኬት ግዢላቸው። ደህናውን፣ በልካቸው፣ ደረቱ ላይ የሚታሠረውን። ከተረፈሽ ግንባር ላይ የሚታሠር መብራት ጨምሪ። ጃኬቱን አልለብስም ይሉሻል፣ አውቃለሁ፣ የእኔም አባት እንዲሁ ነበሩ። ብርድ ይከላከላል በያቸው። እውነትም ሌሊት ሐይቁ ላይ ይሞቃል፣ እኔ በዚያ ነው የለመድኩት።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ውኃው ሲደፈርስ መሣሪያው ይሠራል ወይ?
(ከወረታ)

መልስ፦ ይሠራል። የሚጠቀመው ድምፅ እንጂ ብርሃን ስላልሆነ ርብና ጉማራ ጭቃቸውን ቢያመጡም ወለሉን ያገኛል። ክረምት ላይ የሚያስቸግረው ወንዙ አብሮ የሚያመጣው ገለባና ሥራ ሥር ነው፤ መሃል ውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ስክሪኑን ያዥጎረጉረዋል። ሴንሲቲቪቲ የሚለውን፣ የመሣሪያውን ጆሮ ማለት ነው፣ ትንሽ ቀንሰው። እንቦጭ ያለበት ቦታ ግን አትድከም። ሥሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ድምፁን ይጋርደዋል፣ ሴንሰሩንም ይተበትበዋል።

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣ በመንጋ ወደ ወንዝ አፍ እንደሚመጣ እናውቃለን። የትኛው መሣሪያ ነው መንጋውን ከሩቅ የሚያሳየን?
(ስማቸውን ያልጻፉ)

መልስ፦ ለዚህ እንኳ አልመክርም። ምክንያቱን ግን ልንገራችሁ። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም፤ ከደርዘን በላይ ዝርያ ነው፣ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል አባይ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ወንዙ አፍ ላይ የሚሰበሰቡት ለመውጣት ነው። ያን ጊዜ እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ነው የሚያወጣው። እኔ ልጅ ሆኜ የማየው የነጭ ዓሣ ብዛትና የዛሬው አይገናኝም። ደግሞስ መንጋው ወንዝ አፍ መቆሙን ከነወሩ ካወቃችሁ መሣሪያው ምን ሊነግራችሁ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት የገዛሁት ፊሽ ፋይንደር ሌሊት ጥሩ ነው። ቀን ላይ ግን ስክሪኑ ድንገት ጥቁር ይላል። አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ይመጣል። ሻጩ ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ ይቀየር አለኝ። ምን ይሻለኛል?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የፀሐይ መነጽር ታደርጋለህ አይደል? የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን፣ ፖላራይዝድ የሚባለውን? የዚህ ዓይነት ስክሪን ብርሃን በዚያ መነጽር ውስጥ በአንድ በኩል ሲታይ ይታገዳል፣ አንገት ሲያዘነብሉ ያልፋል። መነጽርህን አውልቀህ እየው። ያኔም ከጠቆረብህ አምጣው፣ ከፍተን እናየዋለን።